እታባ ጓዟን ስታራግፍ

እስቲ ጠጋ በሉና ስለ አንድ ቡፌ ላውጋችሁ።

ቡፌው የአክስቴ ነው። አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ «እታባ» ነው የሚላት፤ እኔም ዛሬ ሌላ ስም አላወጣላትም። ቡፌው የዋንዛ ነው። ከላይ ባለ መስታወት፣ ከታች ባለ መሳቢያ፣ ቁመቱ ኮርኒሱን ሊነካ ትንሽ የቀረው። አናቱ ላይ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። መስታወቱ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ሳህኖች፣ እግረ ቀጫጭን ብርጭቆዎችና ፔርሙዞች ተደርድረዋል። የእንግዳ ዕቃዎች ናቸው። እንግዳው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተገለጠልንም። የንስሐ አባቷ ለጠበል ጻዲቅ ሲመጡ በተራው ሳህን ነው የሚበሉት፤ ልጇ ሲሞሸርም ሳህኑ የመጣው ከእድር ነው። እኛ ልጆቹ መስታወቱን መንካት ቀርቶ ኳስ ይዘን አጠገቡ ካለፍን ቁንጥጫዋ ይከተለን ነበር።

ታዲያላችሁ፣ በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ይነሣል ተባለ። በ2016 ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ሰው ሲነሣ አይተናል፤ የኮሪደር ልማቱ ወደ እኛም እንደሚመጣ ልብ ያለው ሁሉ ገምቷል። መገመትና ጓዝ መሸከፍ ግን ለየቅል ናቸው። ለእታባ ከከተማው ጫፍ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም።

የቀበሌ ቤት የኖረ ያውቀዋል፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ቢሆንም ዕቃው የሚኖረው ውጭ ነው። በርሜሉ ከጣሪያው ጠብታ ሥር፣ ምጣዱ ከማድ ቤቱ፣ እንስራው ከግንቡ ጥግ፣ የተሰበረው ወንበር «ይጠገናል» ተብሎ ከጓሮ። ኮንዶሚኒየም ጓሮ የለውም። እርግጥ ንድፍ አውጪዎቹ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ብለው ከሕንፃው ውጭ የጋራ ቤት አስበዋል፤ ብልህነት ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። የተሰበረ ወንበር የሚያሳድሩበት ግን አላሰቡም።

የቤተ ዘመድ ጉባኤ ተቀመጠ። ልጇ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቪዲዮ ገባ። «እማዬ፣ ሁሉንም ጣይው፤ አዲስ እገዛልሻለሁ» አለ። እታባ ስልኩን ፊቷን እንዳያይ ወደ ግድግዳ አዞረችውና «መስመሩ ይቆራረጣል» አለችን። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

የልጅ ልጇ ግን ዘዴ ይዛ መጣች። በጃፓን አገር ማሪ ኮንዶ የምትባል ሴት አለች። ቤት ስለማስተካከል የጻፈችው መጽሐፍ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ በ2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ አሜሪካውያን ቤት እየገባች ስታስተካክል አሳያት። ሥርዓቷ ተራ አለው፦ መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ከዚያ ኮተት፣ በመጨረሻ የትዝታ ዕቃ። እያንዳንዱን በእጅሽ ትይዢዋለሽ፤ ደስታ ከሰጠሽ ይቀመጣል፣ ካልሰጠሽ አመስግነሽ ትሸኚዋለሽ።

«ማመስገኑስ ደግ ነው» አለች እታባ። «ያገለገለ ይመሰገናል። በይ ጀምሪ።»

ልጅቷ ተራውን ስታ ከሙቀጫው ጀመረች፤ በሩን የዘጋባት እሱ ነበር። የወይራ ሙቀጫ ነው፣ እታባ ከእናቷ የወረሰችው። ማንሣት ቢያቅታት ዘነዘናውን አቀበለቻት። «እታባዬ፣ ያዢውና ንገሪኝ። ደስ ይልሻል?»

እታባ ዘነዘናውን አገላብጣ አየችው። «ደስ? ወገቤን የቆረጠው እሱ አይደል እንዴ! በርበሬ ስወቅጥ ስንት ዘመን አስለቀሰኝ። ደስታ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ የኔ እናት፤ አዋዜ ነው የሰጠኝ።»

እኔ በልቤ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ ብያለሁ። የጃፓኗን ሴት አላንኳስስም፤ ትንፋሽ በሚያሳጣ ዕቃ ለተጨናነቀ ቤት ጥያቄዋ መፍትሔ ሆኗል። ደስታ የሚጠየቀው ግን በምርጫ ከተገዛ ዕቃ ነው። ሙቀጫ ተመርጦ አይገዛም፤ ይወረሳል፣ ያገለግላል፣ ያደክማል። በነገራችን ላይ ማሪ ኮንዶ ራሷ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤት ማስተካከሉን ተወት እንዳደረገችው በ2023 እ.ኤ.አ. ተናግራለች። ልጅቷ ይህን ከስልኳ ስታነብላት እታባ «እሰይ! ልጆቿን ያሳድግላት» ብላ መረቀቻት።

ወረቀት ላይ ሲደርሱ ግን ምርቃቱ ቆመ። የጃፓኗ ሴት በወረቀት ላይ ምሕረት የላትም፤ በመርሕ ደረጃ ሁሉም ይጣል ነው የምትለው። የእታባ ወረቀት ደግሞ በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ይህን ስትሰማ ቆርቆሮውን ጎትታ ተቀመጠችበት።

ቆርቆሮው ውስጥ ምን አለ? የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ ከ1968 ዓ.ም ጀምሮ። የመብራትና የውሃ ክፍያ። የእድር ደብተር። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ በኮታ የወሰደችበት ካርድ። የሞተው ውሻችን የክትባት ወረቀት ሳይቀር አለ። የደረሰኙ ነገር እንዲህ ነው፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር የማይበልጠው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች። እነ እታባ ተከራይተውት የነበረው ቤት አከራዩ ተለወጠ። ትናንት ለባለቤቱ በቃል ይከፈል የነበረው ዛሬ በደረሰኝ ሆነ። እታባ ያኔ ገና ወጣት ናት፤ ቤትን በቤትነት የሚያቆመው ማገሩ እንዳልሆነና ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ደረሰኝ ጥላ አታውቅም።

እናላችሁ፣ ለምትክ ቤት ውልና ደረሰኝ ይቅረብ ሲባል ሰፈሩ ተተራመሰ። አንዱ ጎርፍ በላብኝ፣ ሌላው አይጥ፣ ሌላው ልጄ ለጠርሙስ መክደኛ አደረገው። እታባ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቆርቆሮዋን በብብቷ ይዛ ሄደች። ከሰዓት ሳይሆን ተመለሰች። የልጅ ልጇ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወረቀት አላነሣችም።

ቁራሌው የመጣው በማግስቱ ነው። ሰፈር ሲነሣ ቁራሌው ከየት እንደሚሰማ አላውቅም፤ ብቻ ይመጣል። በርሜሉን፣ ጀሪካኖቹን፣ የዛገውን አልጋ፣ ክዳን የሌለውን ብረት ድስት አወጣንለት። እታባ ለአልጋው ዋጋ ጠራች። ሰውየው የሩብ ሩቡን ሰጠ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዝጓል።»

«አንተም ትዝጋለህ፣ ልጄ። ሦስት ልጅ የወለድኩበት ነው።»

«እሱን ሚዛን አያነሳልኝም፣ እማማ።»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ አልጋውን ግን በዚያ ዋጋ አልሰጠችም። ይህ የእሷ ብቻ አመል አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጥተው ለሌሎቹ እንዲሸጡላቸው አደረጉ። ኩባያው እጃቸው የገባው፣ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ጠየቁ። ኩባያውን ከያዙት ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው! ለደቂቃዎች የያዙት ኩባያ ዋጋው እጥፍ ከሆነ፣ ሦስት ልጅ የተወለደበት አልጋ ምን ይባል? ተመራማሪዎቹ ግን ካዛንቺስ መጥተው ከቁራሌው ጋር አንድ ጠዋት ቢውሉ ኖሮ የኩባያ ወጪ ይተርፋቸው ነበር።

ዋጋው ያልተቋጨው አልጋ በመጨረሻ የሄደው ቁራሌው ሌላ ነገር ስለነገራት ነው። «የት ትወስዱታላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ምናለሽ ተራ» አለ። መርካቶን የሚያውቅ ምናለሽ ተራን ያውቃል፤ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ የማያርፍበት ቦታ ነው። በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ጣሳ ማንቆርቆሪያና ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ወደ ገበሬው ይሄዳል። «እና አልጋው?» አለች። «ብረቱ ይቃናል፤ መስኮት ይሆናል፣ በርም ይሆናል።» እታባ ትንሽ አሰበች። «በር ከሆነስ ይሁን» ብላ ተቀበለች፤ ያውም በእሱ ዋጋ። ልብ በሉልኝ፤ ብር አልጨመረም። የጨመረው ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ልዋጭ መጣ። ልዋጭ በብር አይገዛም፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ ይሰጣል። የልጅ ልጇ ከቁም ሳጥኑ ያወጣችውን ክምር አቀረበች። ሰውየው አገላብጦ አየና ለሁሉም አንድ ሳፋና አንድ ጆግ ቆረጠ። ከክምሩ ውስጥ አንድ ግራጫ ኮት ነበር፤ ጠባብ፣ ኮሌታው የሰፋ፣ የድሮ ፋሽን። ሁላችንም የባሏ ነው ብለን እናስብ ነበር። ባሏ ሰፊ ሰው እንደነበር፣ ኮቱ ለእሱ ትከሻ እንደማይበቃ ማናችንም አላሰብንም። እታባ ከጓዳ ወጥታ ኮቱን ከሰውየው እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። «ሳፋህን ያዝ» አለችው። አልጮኸችም።

ነገሩን የሰማነው ያን ቀን ማታ ነው።

በደርግ የቀይ ሽብር ዘመን፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ተፈተሸች። «አሰሳ» ይባል ነበር። የሚፈለገው መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የማባዣ ማሽን፣ በራሪ ወረቀት ነው፤ ያልሆነ ወረቀት የተገኘበት ቤት ልጁን ያጣል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ በእነዚያ ሌሊቶች ቤቱን ጠረገ። መጽሐፍ ሽንት ቤት ገባ፣ ደብዳቤ ተቃጠለ፣ ፎቶ ተቀደደ፤ በተለይ ብዙ ሆነው የተነሡት ፎቶ፣ ከአንዱ ፊት ሌላው ይያዛልና። የእታባ ታናሽ ወንድም ያኔ ተማሪ ነበር። እናትየው ሌሊት ምጣድ ጣደች። የልጁን ደብተር፣ ደብዳቤዎች፣ ማንበብ የማትችላቸውን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንድ በአንድ ከሥር እየማገደች፣ ጭሱ እንዳያስጠረጥር ከላይ እንጀራ ጋገረች። እታባ ሊጥ ታቀብል ነበር። ፎቶዎቹም ሄዱ፤ የጥምቀቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም።

ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ከመንገድ ተያዘ። አልተመለሰም። የት እንደተቀበረም አልተነገራቸውም። መልኩን የሚያሳይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቤት ውስጥ አልነበረም። ኮቱ ጽሑፍ ስለሌለበት ተረፈ።

እንግዲህ ያ ቤት አንድ ጊዜ እንደዚያ ተጠርጎ ያውቃል። ከዚያ በኋላ እታባ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ለመጣል እጇ እንቢ ቢላት ማን ይፈርድባታል? እኛ ስስት ነው ስንል ኖረናል። «የድሃ ቤት አመል» እያልን ቀልደናል። ብዙ የአዲስ አበባ እናቶችን ብትጠይቋቸው ከተከመረው ዕቃ ሥር እንዲህ ያለ ሌሊት ታገኛላችሁ ባይ ነኝ፤ የአንዷ አሰሳ፣ የሌላዋ ስደት፣ የሌላዋ ረሃብ።

ከዘመዶቹ አንዱ ኮቱ ለሙዚየም ይሰጥ አለ። ከካዛንቺስ በእግር በሚደረስበት፣ መስቀል አደባባይ ጫፍ ላይ፣ በ2002 ዓ.ም የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስ፣ ጫማ፣ አጥንት፣ ግድግዳ ሙሉ ፎቶ ተቀምጦበታል። ገብቶ ያየ ሰው አንድ ጨርቅ ምን ያህል እንደሚናገር ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። እታባ ሄዳ አይታዋለች። «እዚያ ያሉት ከጉድጓድ የወጡ ናቸው» አለች። «ይሄ ከቁም ሳጥን ነው የወጣው። ገና ቤቱ ነው ያለው።» ሐሳቡ እዚያው ላይ ቆመ፤ እኔም ልክ ናት እላለሁ። የሕዝብ የሆነ ሐዘን ሙዚየም ይገባል፤ ወንድሜ ብላ የምትጠራው እህት እስካለች ድረስ ግን ኮቱ የእሷ ነው።

በሌላ በኩል፣ ምንም አይጣል የሚለው ወገንም እንዳይፎክር። ዕቃ መጣል ፈጽሞ ያቃተው ሰው፣ አልጋው ላይ መተኛት፣ ምድጃው ላይ ማብሰል እስኪሳነው የሚደርስበት ሁኔታ አለ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። እታባ እዚያ አልደረሰችም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ምክንያት ነበራት፤ የጎደለው ምክንያቱን የሚጠይቃት ሰው ነው። ሁላችንም «ይሄ ይጣላል?» አልናት እንጂ «ይሄ የማን ነበር?» ያላት የለም።

ስለ ኮቱ ከተሰማ በኋላ የቤቱ አሠራር ተገለበጠ። ሹመቱን እታባ ወሰደች። በየማታው ቡና ይፈላል፣ ጎረቤትና ዘመድ ይጠራል፣ አንድ ዕቃ ከመሐል ይቀመጣል። እሷ ታወራለች፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንዳየ። እስከ መጨረሻ ሰምቶ «እገለገልበታለሁ» ያለ ይወስዳል። ሁለቱም ግዴታ ናቸው፤ መስማትም መገልገልም። የአጎቴ ልጅ ለመሶቡ ቋምጦ ነበር፤ እታባ እናቷ ስንደዶውን ከየት እንዳስመጣችው ስታወራ እሱ ስልኩን ሲነካካ ተያዘ። መሶቡ ለጎረቤቷ ለእንጀራ ሻጯ ሄደ። የሲንገር መኪናው ለአንዲት ልጅ እግር ልብስ ሰፊ። አገልግሉን የወሰደው ከባድ መኪና የሚነዳ የሰፈር ልጅ ነው፤ «መንገድ ላይ ምሳዬን እይዝበታለሁ» አለ፣ ይዞበታልም። ሰሚ ያጣውንና እሷ ራሷ ልታወራለት ያልፈለገችውን ዕቃ ሳትከራከር ለቁራሌው ሰጠች። ብዙ ነበር፤ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ተናግራ የጨረሰችውን ዕቃ መስጠት አልከበዳትም።

ቡፌው? አናጢው ሜትሩን ይዞ ኮንዶሚኒየም ሄደና የደረጃውን መታጠፊያ ለካ፤ አያልፍም። ከሲልቨር ስፕሪንግ «ሽጡት» የሚል ትእዛዝ መጣ። እታባ አናጢውን ጠርታ ከወገቡ ላይ እንዲቆርጠው አዘዘች። የታችኛው፣ ባለ መሳቢያው፣ ለአንዲት ባለ ሱቅ ባንኮኒ ሆነ። የላይኛው አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሳህኖቹም ውስጡ አሉ። ባለፈው ስሄድ ሽሮ በፕላስቲክ ሳህን ቀረበልኝ። ወርቅማዎቹ አሁንም እንግዳቸውን እየጠበቁ ነው። ኮቱ መኝታ ቤቷ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ ወረቀት ተለጥፏል፤ የልጅ ልጇ የጻፈችው፣ የወንድምየው ስም፣ የተወለደበትና የተያዘበት ዓመት። እታባ አስነብባ ሰማችና «አሁን ጽሑፍ አለበት» አለች።

አንድ ዕቃ ብቻ ቀርቷል፤ ሙቀጫው። እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው በርበሬ ሲወቀጥ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያው የተናደ መስሏቸው በፒጃማ ወጡ። ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ቡና ጠጥተው ተመለሱ፤ ሙቀጫው ግን በሰላም እኔ ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እኔ በርበሬ አስፈጭቼ ነው የምበላው።

ስለዚህ ምድር ላይ ያለ ቤት ያላችሁ፣ ዘነዘና የምታነሱ፣ ጎረቤት የማያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ኑና ውሰዱት። ብር አንቀበልም። የእታባ ዋጋ አንድ ነው፦ ወሳጁ ከአቦሉ እስከ በረካው ተቀምጦ ታሪኩን ይስማ። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ኑ።